እባክዎን ነገ ጠዋት አይጠግኑልን

ለተከበሩ የታብሌት ጥገና መምሪያ ኃላፊ
ካሉበት

ጉዳዩ፦ የተበላሸው እንዳይስተካከልልን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና፣ ለመምሪያዎ ባልደረቦችም ከዛሬው ያልረዘመ የምሳ ዕረፍት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ጠበቅ አድርጌ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሰፈራችን ስለ እኔ የሚወራ ወሬ አለና ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት እሱን ላርም። አሮጊቷ ብቻዋን ቁጭ ብላ ከራሷ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ራሷ ጠይቃ ራሷ ትመልሳለች፣ በዚህ ሰሞን እንዲያውም ራሷን «ዝም በይ!» ብላ ስትቆጣ በመስኮት ተሰምታለች ይባላል። ድምፁ የእኔ መሆኑ እውነት ነው። የተቆጣችው ግን እኔ አይደለሁም፤ እህቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ የሥራ ዘመኗን የጨረሰችው በስልክ ማዞሪያ ቤት ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በእሷ እጅ አልፎ ነበር፤ ጆሮዋ ደዋዩን ሲያዳምጥ፣ ዐይኗ ከባልደረባዋ ጋር ሲስቅ፣ እጇ ብቻውን ገመዱን መዝዞ ቀዳዳውን ያገኘው ነበር። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግን ያን ሁሉ ሰው ስታገናኝ የኖረችው ሴት ምላሷ ታሰረ። ጆሮዋ ይሰማል፣ ልቧም ያውቃል፤ ቃሉ ነው እምቢ ያለው። የንግግር ሐኪሟ አዝናላት በታብሌት የሚሠራ የሥዕል ሰሌዳ ሰጠቻት፤ ሥዕሉ ሲነካ ታብሌቱ ቃሉን ይናገራል። ቃላቱን አስቀድሞ የሚቀዳ ሰው ያስፈልግ ስለ ነበር፣ የታይፕ አስተማሪ ሆኜ ለተማሪ ሁሉ ቃል በቃል ሳስጽፍ የኖርኩት እኔ ቀዳሁላት። «ዝም በይ» የሚለውን ራሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ እየጫነች አስጨመረችው። ለማን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ፣ አጥርቼ፣ ጠንከር አድርጌ ቀዳሁላት። እንግዲህ ጎረቤቶቼ የሚሰሙት ይህንን ነው።

ታብሌቱን የገዛችላት በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇ ናት። በውስጡ ሁለት ተከራዮች ይኖሩበታል፤ አንዱ አንድሮይድ፣ ሌላው ዊንዶውስ ይባላል። ሲበራ የሁለቱን ምልክት ጎን ለጎን አውጥቶ ማንን እንደምንፈልግ ይጠይቃል፤ ቶሎ ካልመለሱለት ግን ራሱ አንድሮይድን ጠርቶ ያስገባል። በአንድሮይድ በኩል እናትና ልጅ ፊት ለፊት እየተያዩ ይሳሳቃሉ። የሥዕል ሰሌዳው ግን ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ እህቴ አንደበት የምታገኘው በዚያ በኩል ነው። ሁለቱ ተከራዮች ሆድና ጀርባ ናቸው፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፤ አንዱ ጤነኛ ሲሆን ሌላው ታሞ ሊተኛ ይችላል። ይህን እውቀት ከመምሪያዎ ቀድመን ያገኘነው እኛ ስለ ሆንን፣ ለክቡርነትዎ ያለ ምንም ክፍያ አቀርበዋለሁ።

የምቸኩልበትንም ምክንያት ልንገርዎ። የእህቴ ልጅ እናቷን ወደምትኖርበት ከተማ ወስዳ እዚያ ካለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ልታስገባት ታስባለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ከሩቅ ሆኖ መስጋት ስለ ሰለቻት ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ አብራኝ ትኑር እላለሁ። «አክስትዬ፣ አንቺስ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» ትለኛለች፤ እኔም እንዳልወድቅ አሳምሬ እንደማውቅ እነግራታለሁ። ሁለታችንም ብዙ ስለ ተናገርን፣ ጉዳዩን የያዙት ሐኪሞች፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ባለጉዳይዋን እህቴን ራሷን መጥተው ሊጠይቁ ወሰኑ። መጡ። ጠየቁ። የመለሰላቸው ግን የእርስዎ መምሪያ ነው።

ይህን ስል ማጋነን እንዳይመስልብኝ፣ ለመምሪያዎ ያለኝን ምስጋና ለንባብ እንዲያመችዎ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መስታወቱ አመሰግናለሁ። እህቴ በክርኗ ገፍታ የጣለችው ታብሌት መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበርና እናንተ ዘንድ ተቀየረ። አዲሱ መስታወት እጅግ ያምራል፤ ፊቴን ስላየሁበት ብቻ አንድ ጠዋት ሙሉ ከፍቶኝ ዋለ። በአንድሮይድ በኩል እንደ ጨዋ ልጅ ይታዘዛል። በዊንዶውስ በኩል ግን ቀኙን ሲነኩት ግራው ይናገራል፣ ግራውን ሲነኩት ቀኙ ይመልሳል። የእህቴ ሰሌዳ ሦስት ዓምድ አለው፦ በቀኝ «አዎ»፣ «ውሃ»ና የቤት ሥዕል ያለበት «እዚሁ»፤ በግራ «አይ»፣ «መድኃኒት»ና የመንገድ ሥዕል ያለበት «ልሂድ»፤ በመሃል ደግሞ «ሻይ»፣ «አሞኛል»ና ያ የፈረደበት «ዝም በይ»። ቀኝና ግራ ቦታ ሲለዋወጡ መሃሉ ካለበት አይነቃነቅም። በዚህ ምክንያት ቤታችን ውስጥ ሳይሳሳት ይታዘዝ የነበረው ሻይና ቁጣ ብቻ ነበር፤ ሻዩን እሷ ጠጣችው፣ ቁጣውን እኔ።

ሐኪሞቹ የመጡት ታብሌቱ ከእናንተ ዘንድ ተመልሶ ጥቂት ቀን እንደ ሰነበተ ነው። እኔ ገና መገልበጡን አላወቅኩም ነበር፤ የድካም ቀን ነው እያልኩ አልፈው ነበር። ዋናው ሐኪም ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ወደ እኔ እያመለከተ «እኚህ እህትዎ ናቸው?» ብሎ ጠየቃት። እጇን ስትዘረጋ አየሁ። ታብሌቱ በእኔው ድምፅ፣ በእኔው በጠራው አነጋገር፣ «አይ» አለ። «እዚህ ቤት መኖር ይፈልጋሉ?» ሲላትም «ልሂድ» አለ። እኔ ብድግ ብዬ ይህ ልክ አይደለም ማለት ስጀምር ሐኪሙ በትሕትና «እባክዎን እሳቸው ይመልሱ» አለኝ፤ በዚያው ቅጽበት ታብሌቱ፣ ምንም እንከን በሌለው መካከለኛው ዓምድ፣ «ዝም በይ!» ብሎ ጮኸ። ሐኪሙ ደንግጦ «እርስዎ ነዎት የተናገሩት?» አለኝ። ድምፁ የእኔ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም ብዬ መለስኩለት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐኪሞቹ የሚመረምሩት አንዲት አሮጊት ይሁን ሁለት ግልጽ አልነበረም። ሲወጡ፣ እህቴ ሰው መለየቷን እንደሚጠራጠሩ ነግረውኝ፣ ሌላ ቀን ተመልሰው እንደሚጠይቋት ቀጠሩን። ሰሌዳው መገልበጡን ያወቅኩት እነሱ ከወጡ በኋላ ሥዕሎቹን ራሴ አንድ በአንድ ስነካ ነው።

ሁለተኛ፤ በመስኮታችሁ ላይ ስለ ተደረገልኝ አቀባበል። እንግዳ ተቀባይዋ እመቤት «ማዘር»፣ ባለሙያው ደግሞ «እማማ» እያሉ በሁለት ቋንቋ እናት አደረጉኝ፤ ሳልወልድ በአንድ ጠዋት ሁለት ልጅ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ባለሙያው ታብሌቱን አበራው። ጥያቄው ብቅ ሲል እሱ ከጎኑ ካለው ባልደረባው ጋር ስለ ኳስ ያወራ ነበርና ታብሌቱ መልስ አጥቶ ወደ አንድሮይድ ገባ። ነካ ነካ አደረገውና «ይኸው ይሠራል እኮ፣ እማማ» አለኝ። የተበላሸው በዊንዶውስ በኩል ነው አልኩት። «መስታወቱ አንድ ነው፤ እዚህ ከሠራ እዚያም ይሠራል» አለኝ። አባባሉ አንድ በር ያላቸው ሁለት ተከራዮች የግድ አንድ ዓይነት ባሕርይ አላቸው እንደማለት ነበር፤ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ እጄን አየና «ጣትዎ ደርቆ ይሆናል፤ ቅባት ይቀቡ» አለኝ። ቅባት ተቀባሁ። ግራው አሁንም በቀኝ ይናገራል፤ እጄ ግን በጣም ለስልሷልና ስለዚህ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሦስተኛ፤ በስልክ ስለ ተሰጠኝ ምክር። በሌላ ቀን ስደውል አንድ ጨዋ ድምፅ ያለው ሰው «ስክሪኑን ያስተካክሉት» ብሎ፣ በአራቱ ማዕዘን የሚወጡትን የመስቀል ምልክቶች ተራ በተራ እንድነካ አዘዘኝ። በትምህርት ቤት መስመር በማስመሪያ ያሰመርኩ ሰው ነኝና አንዱንም ሳልስት ነካሁ። ከዚያ በኋላ የቀኙ በግራ መናገሩ ሳያንስ ከላይ ያለውም ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ስነግረው «እንዴ!» አለ። ይህ «እንዴ!» ከመምሪያዎ ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ እውነተኛው ነው። ያስተካከልኩትን ማስተካከያ ራሴ አጥፍቼ ወደ ቀድሞው ብልሽት በደስታ ተመለስኩ።

አራተኛ፤ «አጥፍተው ያብሩት» ስለሚለው መልስ። ይህን ምክር ከሁሉም ባልደረቦችዎ፣ ከዘበኛው ጭምር፣ ተቀብያለሁ። ምክሩ በከፊል ልክ እንደ ሆነ ለፍትሕ ስል እመሰክራለሁ። ከአንድሮይድ ወደ ዊንዶውስ ስንሻገር አንዳንድ ጊዜ ንክኪው ጭራሽ ይሞት ነበር፤ ለካ ዊንዶውስ የጠፋ መስሎ ይተኛል እንጂ አይጠፋም ኖሯል፤ ቶሎ ለመነሣት እንዲመቸው ብሎ መሣሪያውን እንደ ያዘ ያሸልባል። በማጥፊያና ማብሪያው ቅንብር ውስጥ ፈጣን ማስነሻ የሚለውን ምልክት ሳነሳበት እንደ ማንም ሰው ሙሉ በሙሉ መተኛት ለመደ። ይህን መስኮታችሁ ላይ ለጥፋችሁት ቢሆን ኖሮ እኔም እናንተም ከብዙ መተያየት እንድን ነበር።

አምስተኛ፤ ይህ ምስጋና ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ይላል።

እኔ ከመምሪያዎ ጋር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ስል እህቴ በጸጥታ ሥራዋን ትሠራ ኖሯል። አንድ ጠዋት ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ከኋላዬ የራሴ ድምፅ «ውሃ» አለኝ። የግራ ቀኙ ነገር እንደ ሆነ አውቄ መድኃኒቱን አነሳሁ፤ ራሷን በኃይል ነቀነቀች። ውሃውን ሰጠኋት፤ ጠጣች። ጠጋ ብዬ ሳይ እጇ ያረፈው በግራ፣ በመድኃኒቱ ሥዕል ላይ ነው፤ ዐይኗ ደግሞ ከሥዕሉ ላይ ሳይሆን ከእኔ ፊት ላይ ነው። ሥዕሉን ትታው ቦታውን ይዛለች። እኔ ተማሪዎቼ ፊደሉን ሳያዩ እንዲጽፉ የጽሕፈት መኪናውን ቁልፎች በጨርቅ እሸፍንባቸው ነበር፤ ስንቱ አልቅሶብኛል። እህቴ ማንም ሳይሸፍንላት፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ቀዳዳው የተቀያየረበትን የድሮ ማዞሪያ እንደምትለምድ ሁሉ የተገለበጠውን ሰሌዳ በእጇ ተማረችው። ሰውን መለየት ይቸግራታል የተባለችው ሴት ይህን ስታደርግ፣ የእርስዎ ባለሙያ ግን ሰሌዳው መገልበጡን እንኳ ገና አላየም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም ወረደበት፤ ውሃ ስትል ውሃ፣ አዎ ስትል አዎ። እኔም ቀጠሮውን በልበ ሙሉነት መጠባበቅ ጀመርኩ።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ጠዋት ላይ «መድኃኒት» አለችኝ። አሁን ወሰድሽ እኮ፣ እትዬ፣ አልኳት። «መድኃኒት» አለችኝ ደግማ። አይሆንም አልኳት። «ልሂድ» አለችኝ። የት ነው የምትሄጂው ብላት «አይ፣ አይ፣ አይ» አለችና በመጨረሻ እንደ ሞኝ እያየችኝ «ዝም በይ!» ብላ አሳረገችው። ጎረቤቶቻችን በመስኮት የሰሙት ይህንን ነው። እኔ ሁለተኛ ስትሮክ ነው ብዬ ቀልቤ ተገፈፈ። ሐኪም ልጠራ ስልኬን ሳነሳ ዐይኔ የታብሌቱ ማዕዘን ላይ ያለች አንዲት ትንሽ መልእክት ላይ አረፈ፦ «የንክኪ ድራይቨርዎ በኢንተርኔት ተስተካክሏል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

አቤት ቅልጥፍና! ሳልጠይቅ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ስንት ጊዜ በእግሬ መጥቼ ያላገኘሁትን ጥገና ስተኛ ሠርታችሁት አደራችሁ። ለካ አዲሱን መስታወት ስትገጥሙ የመጀመሪያውን መስታወት ድራይቨር በዊንዶውሱ ውስጥ ትታችሁት ኖሯል፤ ድራይቨር የሚሉት ጣት የነካውን ቦታ ለዊንዶውስ የሚተረጉም አስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው የሌላ መስታወት ቋንቋ ይናገር ነበርና ቀኙን ግራ ብሎ ሲተረጉም ከረመ። አሁን ትክክለኛው አስተርጓሚ መጥቷል። የቀኙ በቀኝ፣ የግራው በግራ ሆኗል። የተገለበጠው ብቸኛ ነገር የእህቴ እጅ ነው።

በማግስቱ መስኮታችሁ ላይ ተሰልፌ ቆምኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ስታየኝ ደስ ብሏት «ማዘር፣ አሁን እኮ ልክ ሆነ!» አለችኝ። ልክ ስለ ሆነ ነው የመጣሁት አልኳት። «ታዲያ ምን እናድርግልዎ?» አለች። እንደ ነበረው አበላሹልኝ አልኳት። አለቃዋን ጠራች፤ እሱም ባለሙያውን ጠራ፤ ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎችም በፈቃዳቸው ተጠጉ። ሥዕሎቹን ራሳቸውን ቀኙን ወደ ግራ ማዛወር እንደማልችል፣ ሰሌዳው በንግግር ሐኪሟ የይለፍ ቃል እንደ ተቆለፈና እሷ ፈቃድ ላይ እንደ ሆነች፣ ሐኪሞቹ ሊመጡ እንደ ተቃረቡ፣ የእህቴን እጅ መልሼ ለማስለመድ ጊዜው እንዳነሰ በዝርዝር አስረዳሁ። አለቃው ሲያዳምጥ ቆይቶ «እናቴ፣ እኛ ለመጠገን እንጂ ለማበላሸት ሥልጣን የለንም» አለኝ። ሥልጣኑ ሳይኖራችሁ ይህን ያህል ከሠራችሁ፣ ቢሰጣችሁ ምን ልትሠሩ እንደምትችሉ ማሰብ ያስፈራል።

ቤቴ ተመልሼ መነጽሬን አደረግኩ። ማውስ የሚሉትን መዳፊት ሰካሁበትና በዊንዶውስ ውስጥ መሣሪያዎቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ ከፈትኩ፤ የንክኪውን ድራይቨር አገኘሁ፤ ከሥሩ ወደ ቀድሞው መልስ የሚል ቁልፍ ነበረ። ተጫንኩት። አጥፍቼ አበራሁት። እህቴ ዐይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ እጇን ወደ ግራ ዘረጋች፤ ታብሌቱ «ውሃ» አለ። እንዲህ ሆኖ በመምሪያዎ ሥልጣን ውስጥ የሌለው ሥራ በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተፈጸመ።

ደስታዬ ግን አልሰነበተም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያች ትንሽ መልእክት ተመልሳ መጣች፦ «ያልተስተካከለ ድራይቨር ተገኝቷል። ነገ ጠዋት ይስተካከላል።» ሐኪሞቹ የሚመጡት ነገ ጠዋት ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ያባከንኩበት ልመና አንድ ብቻ ነው፤ ነገ ጠዋት አይጠግኑልን። ከነገ ወዲያ ያሻዎትን ያስተካክሉ፤ ሰሌዳውን ወደ ላይም ወደ ታችም ያዙሩት፤ እህቴ ትማረዋለች። ነገ ብቻ፣ አንዲት ጠዋት ብቻ፣ ደግነትዎን ከእኛ ቤት ያርቁልን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በመጀመሪያው ጉብኝት «ልሂድ» ያለው ታብሌቱ ነው ብዬ ለሐኪሞቹም፣ ለእህቴ ልጅም፣ ለራሴም ምዬ ተገዝቼ ነግሬያለሁ። ትናንት ግን ልብስ ሳጥፍ አንድ ነገር ታወሰኝ። ታብሌቱ ያን ጊዜ ከእናንተ ዘንድ ከተመለሰ ጥቂት ቀን ሆኖት ነበር። የእህቴ እጅ ግልባጩን መቼ እንደ ተማረ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት ያን የልብስ ተኩስ ጠዋት ነው እንጂ እሷ የጀመረችው የዚያን ቀን ላይሆን ይችላል። ያኔ እጇን ስትዘረጋ አየሁ እንጂ ወደ የትኛው ወገን እንደ ሆነ ልብ አላልኩም። እጇ ቀድሞ ተምሮ ከነበረ «ልሂድ» ያለችው አውቃ ነው። «እህትዎ ናቸው?» ሲሏት «አይ» ማለቷም ማስረጃ አይሆንልኝም፤ እትዬን የሚያውቅ ሰው እንደዚያ ብላ ልትቀልድብኝ እንደምትችል ያውቃል። ከእኔ ጋር መኖር ቀላል እንዳልሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ፎጣ በተሳሳተ መስቀያ ላይ ሲሰቀል አልወድም። ራሷን እንዳልጠይቃት፣ እኔ ፊቷ ቆሜ ስጠይቃት እኔን ደስ የሚያሰኘውን ትመልሳለች። መምህር ተማሪው ትከሻ ላይ ቆሞ እንዳይፈትን ተምሬያለሁ፤ እንደዚያም አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ነገ የሚሰማው ቃል የምፈልገው ይሁን የምፈራው አላውቅም። የእሷ እንዲሆን ግን እፈልጋለሁ። የእርስዎ መምሪያ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይመልስላት፤ እኔም እንዳልመልስላት።

ለጊዜዎ፣ ለመስታወቱ ውበት፣ ለእጄ ልስላሴና ሳልጠይቅ ለደረሰኝ ጥገና ሁሉ ያለኝን ከፍ ያለ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ከመስኮታችሁ ሰልፍ ላይ በመልክ የምታውቁኝ፣ አክባሪዎ፣

ጡረተኛዋ የታይፕ አስተማሪ፣
የስልክ ማዞሪያዋ እመቤት ታናሽ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልመናዬ እንደ ወትሮው መልስ ባያገኝ ብዬ ነገ ጠዋት የምሠራውን በቅደም ተከተል አዘጋጅቻለሁ። መጀመሪያ፣ ከፊቴ መታጠብ በፊት፣ የኢንተርኔቱን ሳጥን ከግድግዳው እነቅላለሁ፤ ደግነትዎ በዚያ በኩል ነው የሚገባው። ቀጥሎ ታብሌቱን አብርቼ ጥያቄው ሲወጣ ስለ ኳስ ሳላወራ ዊንዶውስን እመርጣለሁ። ከዚያ እህቴን አለባብሼ፣ ጸጉሯን አበጥሬ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣታለሁ። ሐኪሞቹ ሲመጡ ሰሌዳው ግልብጥ መሆኑንና እጇ እንደ ተማረው ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ፤ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁትን ነገር ደጋግመው እንዲጠይቋትና ራሳቸው እንዲያረጋግጡ፣ የቤቱን ጥያቄ ለመጨረሻ እንዲያቆዩት እለምናቸዋለሁ። ያን ጊዜ ነጠላዬን ደርቤ ከቤት እወጣለሁ፤ በሩን ከውጭ ዘግቼ፣ እስኪጠሩኝ ድረስ ከመንገዱ ማዶ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። በዚያች ሰዓት እርስዎም እኔም እጃችንን ከሰሌዳው ላይ እናነሳለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ እንደማነሳ እርግጠኛ ነኝ።